መስኮቱ ላይ አንድ ቅጂ

ጠዋት ከቤት የወጣሁት የገዛ መጽሐፌን ላስመልስ ነው። ሌላው ሰው የጉዞ ማስታወሻ የሚጽፈው ባሕር ተሻግሮ፣ በረሃ አቋርጦ ነው። የእኔ ጉዞ ከሽሮ ሜዳ በላይ ካለው ዳገት ተነስቶ ዊንጌት ደርሶ የሚመለስ ነው፤ ታክሲ ለመቀየር ካልሆነ በቀር ከጉለሌ አልወጣሁም። ከዚህ እጅግ ርቄ ሄጄም እንዲህ ደክሞኝ የተመለስኩበትን ቀን ግን አላስታውስም።

ነሐሴ ነው፤ ፍልሰታ ገብቷል። እንጦጦ ደመና ለብሶ ጨርሶ አይታይም። በራችን ፊት ያለውን ኮብልስቶን ጎርፍ ነቃቅሎ ድንጋዩን እዚህም እዚያም በትኖታል። ለአባቴ ሻይ ሰጥቼ፣ ጎረቤታችንን «አደራ፣ ብቅ እያልሽ እይልኝ» ብዬ፣ ባዶ ማዳበሪያ በብብቴ ይዤ ወረድኩ።

አባቴ ጋሽ ዘለቀ ሸማኔ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የሽመና ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰዶ ሠርቶ፣ አሁን ወገቡም ሳንባውም ከድተውት አልጋ ላይ ነው። ሐኪሙ «ቤታችሁ አስታምሙት» ብሎ ሸኝቶናል። በራሴ ገንዘብ ያሳተምኩት መጽሐፍ የእሱ ሕይወት ነው። ማንበብ ስለማይችል ከዳር እስከ ዳር አንብቤለታለሁ። ሰምቶ ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ «የዘውገ ሱቅ መስኮት ላይ አይቀመጥም?»

አቶ ዘውገ ሽሮ ሜዳ አስፋልት ዳር ትልቅ የመስታወት መስኮት ያለው የባህል ልብስ ሱቅ የነበራቸው ነጋዴ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ለአባቴ ድርና ማጉን ይሰጡታል፣ የሠራውን ሁሉ ይወስዳሉ፤ ለሌላ አንድ ነጠላ ቢሸጥ ክሩ ይቋረጥበታል። አባቴ የሠራው መስኮቱ ላይ ተሰቅሎ «የዘውገ ነጠላ» ተብሎ ይሸጥ ነበር። ሸማ ላይ የሠሪው ስም አይጻፍም። መጽሐፍ ላይ ግን ከእኔ ስም ቀጥሎ የአባቴ ስም አለ። ምኞቱ ይኼው ነበር፤ ጥበቡ የተሰቀለበት መስኮት ላይ ስሙም እንዲሰቀል።

እኔ ልጁ ታዲያ ምን አደረግሁ? አንድ ነጋዴ አንድን ሸማኔ እንዴት እንዳሰረው መጽሐፍ ሙሉ ጽፌ ሳበቃ፣ መጽሐፉን ጠቅልዬ ለአንድ አከፋፋይ ሰጠሁ። ያውም በሽማግሌ ፊት እጅ ተማትቼ፣ «ከእርስዎ በቀር ለማንም አልሰጥም» ብዬ። ሽፋኑ ላይ ከተጻፈው ዋጋ ከሲሶ በላይ የሚሆነው የእሳቸው ነው፤ የእኔ ድርሻ ሲሸጥ ይመጣል ተባልኩ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

ዊንጌት

አከፋፋዩ ጋሽ በላይ ይባላሉ። ሱቃቸው ከታክሲ ማዞሪያው ገባ ብሎ፣ ፎቶ ኮፒ ቤትና ጁስ ቤት መካከል ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር ሰፈሩ ጭር ብሏል፤ ጁስ ቤቱም ወንበሮቹን ገልብጦ ደርድሯቸዋል። ጋሽ በላይ ካፖርት ለብሰው በር ላይ ተቀምጠዋል።

«ና ግባ፣ ዝናቡ አይምታህ» አሉኝ።

«ጋሽ በላይ፣ መጽሐፎቹን ልወስድ ነው የመጣሁት። ቃሌን አጠፍኩ ብለው እንዳይቀየሙኝ። አባቴ... እ... ማለቴ ብዙ ጊዜ ያለው አይመስለኝም።»

ለመጣላት ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ቁልፍ አንስተው ወደ ጓዳ ወሰዱኝ። ከመጋዘኑ ጣሪያ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ከሥሩ ባልዲ አድርገዋል፣ ባልዲው ሞልቶ ፈስሷል። የእኔ እሽጎች ከማተሚያ ቤት እንደወጡ ገመዳቸው እንኳ አልተፈታም። ከታች ያሉት ውሃ ጠጥተው አብጠዋል። አንዱን ብከፍተው ገጹ ከገጽ ጋር ተጣብቆ እንደ ጨርቅ ተቀደደ።

«ጣሪያውን ቅዳሜ ላሠራው ነበር» አሉ።

«የትኛው ቅዳሜ ጋሽ በላይ?»

«እሱን እንኳ አትጠይቀኝ ልጄ።»

ልቆጣ ፈልጌ ቁጣው አልመጣልኝም። ከእኔ መጽሐፍ ጎን የሌሎች ሰዎችም ተቆልሏል፤ የሰው ሁሉ ሕይወት አንድ ላይ ሻግቷል። ጋሽ በላይ የዳኑትን ከላይ እያነሱ በማዳበሪያዬ ውስጥ ደረደሩልኝ፤ ውሃ እንዳያገኛቸው ከላይ ፕላስቲክ አደረጉበት። «በየሱቁ ብትበትነው ማን ዞሮ ይሰበስብልሃል? አንዱ ይዘጋል፣ አንዱ ሰፈር ይለቃል፣ አንዱ ስልኩን ይቀይራል። እኔ ቢያንስ እዚሁ ነኝ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እዚሁ ናቸው። መጽሐፎቼም እዚሁ ነበሩ።

ታክሲ

ረዳቱ ማዳበሪያውን አይቶ «ይሄ የሰው ሂሳብ ይከፍላል» አለ። ከፈልኩለት። መጽሐፌ እንደ ሰው ሂሳብ ተከፍሎለት የሄደው ያን ቀን ብቻ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ ነጠላ ያጣፉ ሴትዮ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መሰሉኝ፣ በእግራቸው ነካ አድርገውት «እንቁላል ነው እንዴ?» አሉኝ።

«አይደለም እማማ፣ መጽሐፍ ነው።»

«ተመስገን፤ እንቁላል ቢሆን እግሬን ላነሳልህ ነበር» ብለው እግራቸውን አመቻችተው ጫኑበት።

አራት ኪሎ ወርጄ ሌላ ያዝኩ። መስኮቱ አይዘጋም፤ ዝናቡ እጅጌዬ ውስጥ ይገባል። ስድስት ኪሎን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር መኪናው አቃሰተ፤ እኔም አብሬው።

ሽሮ ሜዳ

መጀመሪያ ምሳ በላሁ። ሽሮ በቃሪያ፣ መቶ ሃምሳ ብር፤ እንጀራው ቀጥኖ ከሥሩ ትሪው ይታያል። ዘመን መለወጫ ስለቀረበ ገበያው ደርቷል፤ በየሱቁ በር ቀሚስና ጋቢ ከዝናቡ ሸሽቶ ወደ ውስጥ ተሰብስቧል። ዕቅዴ ቀላል ነበር፤ በአንድ ትልቅ ሰው እጅ ከሚሻግት በብዙ ትንንሽ እጆች ይሂድ።

ፀጉር አስተካካዩ ሀብቴ አብሮ አደጌ ነው። «ወረፋ የሚጠብቅ ሰው እኮ ስልኩን ነው የሚያየው» ሲል አሾፈብኝ፤ ግን ከመስታወቱ ሥር ከሽቶዎቹ ጎን ጥቂት ቅጂዎች ደረደረልኝ። «ሲሸጥ እደውላለሁ። ካልደወልኩ ግን መጥተህ ጠይቅ፤ እኔ እረሳለሁ» አለ። ከሀብቴ ጋር ስምምነት ማለት ይህ ነው።

ከእሱ ዝቅ ብሎ፣ በሸራ ጥላ ሥር፣ እማማ አስካለ የነጠላ ጫፍ እየቋጩ ይቀመጣሉ። ክርና ጥለት ይሸጣሉም። አባቴ ጉልበት በነበረው ጊዜ የሠራውን ነጠላ ጫፉን የሚቋጩት እሳቸው ነበሩ። ሽፋኑ ላይ ያለው ፎቶ የአባቴ ጥለት ነው፤ መነጽራቸውን ሳያደርጉ ለዩት።

«ይሄማ የዘለቀ ነው። ጫፉን እኔ ነኝ የቋጨሁት» አሉ። ወዲያው ቀና ብለው፣ «እኔስ አለሁበት?»

«ስምዎ የለም እማማ። ሥራዎ ግን አለ።»

«ሥራዬማ የትም አለ» አሉና ቋጠሮአቸውን ቀጠሉ። ቅጂዎቹን ግን ክር ከሚደረድሩበት ሳንቃ ላይ፣ ከሁሉም ፊት አቆሙልኝ።

መስኮቱ

ሱቁን አሁን የያዘችው የአቶ ዘውገ ልጅ ትዕግሥት ናት። ልጆች ሆነን አባቴ ሸማ ሲያስረክብ እኔ በር ላይ ቆሜ፣ እሷ ባንኮኒው ላይ ተቀምጣ እንተያይ ነበር። መስኮቱ ያው ነው፤ መብራት ተጨምሮለታል። አንድ ቅጂ እዚያ እንድታቆምልኝ ከለመንኳት በኋላ፣ ከመቀበሏ በፊት ልነግራት ፈለግሁ።

«ትዕግሥት፣ ሳታውቂው እንዳታስገቢው። ስለ አባትሽ የተጻፈው ደግ አይደለም።»

«አውቃለሁ። ሳይታተም ያስነበብከው ሰው ነግሮኛል» አለች፤ ድምጿ አልተለወጠም። መጽሐፉን ተቀብላ ገለበጠችው፣ የኋላ ሽፋኑን አየች። «መስኮቱ ላይ አደርገዋለሁ። የቀረውን ሁሉ አምጣና እኔው እይዘዋለሁ። ግን ሽሮ ሜዳ ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም እንዳይኖረው።»

«ለምን?»

«ሰው ስለ አባቴ የሚያነብ ከሆነ ከእኔ ሱቅ ገዝቶ ያንብብ። ማን እንደገዛው ልየው። በቃ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ገባኝ። አንዱ ቅጂ መስኮት ላይ ይቆማል፤ ሌሎቹ ባንኮኒው ሥር ካርቶን ውስጥ ይተኛሉ። የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ «አልቋል» ትላለች፣ ወይም አትልም፤ እሱን የምታውቀው እሷ ናት። መጽሐፌ ይታያል እንጂ አይሸጥም። ጠዋት አንዱን «ብቻዬን ልያዘው» ባይ ተሰናብቼ፣ ከሰዓት ሌላውን አገኘሁ። ጋሽ በላይ ቢያንስ ክፋት አላሰቡም።

«ላስብበት» ብያት ወጣሁና ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ዝናቡ መስታወቱን ያጥበዋል፤ ከውስጥ ነጫጭ ነጠላዎች ተሰቅለዋል፣ ብርሃን ወድቆባቸዋል። ሀብቴ ጋ ቢሸጥ የማላውቀው ሰው ያነበዋል። አባቴ ግን የማላውቀውን ሰው አልጠየቀኝም፤ መስኮቱን ነው የጠየቀኝ። ስንት ማታ እንደቀረው ማን ያውቃል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል። ተመልሼ ገባሁና «እሺ» አልኳት። ይህን ስል አፍሬያለሁ፤ አሁንም ስጽፈው አፍራለሁ።

ከዚያ የሰጠሁትን ልለቅም ወጣሁ። ሀብቴ ሳቀብኝ፤ «ሽቶው እንኳ ገና አልተላመደውም ነበር» አለ። የከበደኝ እማማ አስካለ ዘንድ ነው። ነገሩን ስነግራቸው አልተቆጡም። ቅጂዎቹን አንድ በአንድ አንስተው፣ የረጠበውን በነጠላቸው ጫፍ አበሱና አቀበሉኝ።

«ለመስኮት ከሆነ ውሰድ» አሉ። «እኔ ዘንድማ ማን ያየዋል።»

የቆሙበት ሳንቃ ላይ ደረቅ ቦታ ቀረ። ክሩን መልሰው አልደረደሩበትም።

ትዕግሥት ቃሏን ጠበቀች። አንዱን ቅጂ በሁለት ነጠላዎች መካከል፣ መብራቱ በሚወድቅበት ቦታ አቆመችው፤ ከውጭ ሆኜ በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። ማዳበሪያዬ ባዶውን ሆኖ ዳገቱን ወጣሁ።

ቤት

መጽሐፍ በአንድ ሱቅ ቢሸጥ ይሻላል ወይስ በብዙ የሚለውንም ልወቅ ብዬ ነበር የወጣሁት። የማተሚያ ቤት ደጅ የምትጠኑ ወዳጆቼ መልስ ከጠበቃችሁ አዝናለሁ። በአንድ ሱቅ ሻግቷል፤ በብዙ ሱቅ ግማሽ ቀን እንኳ አልቆየም፤ አሁን ደግሞ በአንድ ሱቅ ታስሯል። ያሰርኩትም እኔ ነኝ። ያወቅሁት ነገር ቢኖር ሰው ነጻ ሊያወጣው የጻፈውን ነገር በገዛ እጁ ሊያስረክብ እንደሚችል ነው፤ ያውም ለሚወደው ሰው ብሎ።

አባቴ ነቅቶ ይጠብቀኛል። ጎረቤታችን በትራስ ደግፋ አስቀምጣዋለች።

«መስኮቱ ላይ ነው?» አለኝ፣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ።

«መስኮቱ ላይ ነው አባዬ።»

ስልኩን ሰጠሁት። በሁለት እጁ ይዞ ወደ ዓይኑ አስጠጋው። «ስሜ የቱ ጋ ነው?» አለ። አሳየሁት። በጣቱ ሊነካው ሲል ሥዕሉ ተንሸራቶ መጽሐፉ ከስክሪኑ ወጣ፤ በጎኑ የተሰቀለው ነጠላ ብቻ ቀረ። ልመልስለት እጄን ስዘረጋ «ቆይ» አለኝ። ለረጅም ጊዜ አየው። ጥለቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይኑ ሄደበት፤ ፊቱም ሥራ ላይ ሳለ እንደማውቀው ፊት ሆነ።

«ይሄ ጥሩ እጅ ነው» አለ። «ማነው የሠራው?»

ከመስኮቱ ፊት ያን ያህል ጊዜ ቆሜ ነበር። የአባቴን ስም ሳይ፣ ስለ አባቴ ስም ሳስብ።

«አልጠየቅሁም» አልኩት።

ስልኩን መለሰልኝና ዓይኑን ጨፈነ። «ጠይቅ እንጂ» አለ ቀስ ብሎ።

ነገ ሄጄ ትዕግሥትን እጠይቃታለሁ አልኩት። እሷም እንደማታውቀው ግን ሁለታችንም እናውቃለን።