እትዬ ሮማን ኬሚስትሪ ስትማር

ባለፈው ሳምንት፣ ሳኒቬል ከተማ በምሠራበት ቢሮ፣ አንድ ሰው የስብሰባ ክፍሉን መስታወት ሲወለውል የአሞኒያ ሽታ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። ባልደረቦቼ ፊታቸውን አዞሩ። እኔ ግን ፈዝዤ ቀረሁ። እትዬ ሮማን መጽሐፏን ገልጣ ስለ አሞኒያ የምትነግረኝ መሰለኝ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው፤ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ። እትዬ ሮማን ከእኛ በታች ባለው አፓርትመንት ብቻዋን ትኖር ነበር። ጠዋት ጠዋት በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፤ በሳምንት ሁለት ማታ ደግሞ ነርስ ለመሆን ኮሌጅ ትማራለች። እናቴ እዚያው አቅራቢያ ኒውአርክ ካለው መጋዘን እስክትመለስ ድረስ ከትምህርት ቤት የምገባው እሷ ቤት ነበር። ማሞቂያው ሲነሳ እንደ አሮጌ አውቶቡስ ይንቀጠቀጣል። አንቴናው የተሰበረው ቴፕ መስኮቱ ላይ፣ ከሌላ ተማሪ የተገዛው ወፍራም የኬሚስትሪ መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣሉ። የቀድሞው ባለቤት ገጾቹን በቢጫ ቀለም አስምሮባቸው ስለነበር፣ እትዬ ሮማን ያልተሰመረበትን እየፈለገች፣ "ይሄ ልጅ ዋናውን ነገር ትቶታል" ትል ነበር።

የምታጠናው ለእኔ በማስረዳት ነበር። ያነበበችውን ወደ አማርኛ ትመልሰውና ፊቴን ታያለች፤ ፊቴ ካልፈካ እንደገና ትጀምራለች። እኔ እንደ እኩዮቼ ሁሉ አማርኛ እሰማለሁ እንጂ መልሴ በእንግሊዝኛ ነበር። እሷ ግን አትቀበለኝም። "ብሩክ ሲመጣ በምን ልታወሪው ነው?" ትለኛለች።

ብሩክ ልጇ ነው። አባቱ በጦርነቱ ሞቶ፣ እሷ በሱዳን በኩል ስትሰደድ ገና አፉን መፍታቱ ነበር። ናዝሬት፣ ታላቅ እህቷ ዘንድ ትታው ወጣች። ከእኔ ጋር እኩያ ስለሆንን ልብስ ስትገዛለት የምትለካው በእኔ ነው። "ቁሚ እስቲ" ትልና ጃኬቱን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ፣ እጅጌውን ስባ፣ ራቅ ብላ ታየኛለች። ቪዛው ሲጓተት ጃኬቱ ለእኔ ጠበበኝ። ሌላ ገዛች።

በመጨረሻ ብርዱ ሲጀምር መጣ። ኤርፖርት አብሬያት ነበርኩ። ቀጭን፣ አንገቱ ረዘም ያለ ልጅ ነው። እትዬ ሮማን ከሩቅ አይታው ወለሉ ላይ ተንበረከከች። እሱ ቀስ ብሎ ቀረበ፤ ጎንበስ ብሎ እንግዳ እንደሚስም ጉንጯን ሳማትና፣ "እንደምን ነዎት፣ እትዬ ሮማን" አላት። እማዬ የሚላት አክስቱን ነበር።

እትዬ ሮማን አልከፋትም፣ ወይም እንዳልከፋት ሆነች። ይለምዳል አለች። እሱ ግን የቀረበለትን ነካ ነካ አድርጎ ይተወዋል። ትምህርት ቤት አጠገቤ ይቀመጣል፤ በእኔ ኮልታፋ አማርኛ የምነግረውን እየሰማ አንገቱን ይነቀንቃል።

አንድ ቅዳሜ፣ የአጋማሽ ፈተናዋ ሲቃረብ፣ ስለ ሚዛን የሚያወራው፣ ኢኩዊሊብሪየም የሚለው ምዕራፍ አልገባ ብሏት ሁለታችንንም ወጥ ቤት ጠራችን። ወለሉ ላይ ሁለት ባልዲ አስቀመጠች፤ አንዱ ባዶ፣ ሌላው ውሃ የሞላው። ለብሩክ ትልቅ ኩባያ፣ ለእኔ የሻይ ስኒ ሰጠችን። እሱ ከሙሉው እየቀዳ ወደ ባዶው፣ እኔ ከዚያ እየቀዳሁ ወደ እሱ እንድንመልስ አዘዘችን። በመጀመሪያ የእሱ ባልዲ ቶሎ ቶሎ ጎደለ። እየጎደለ ሲሄድ ግን ኩባያው አልሞላ አለው፤ የእኔ ስኒ ደግሞ እየሞላ ይወጣ ጀመር። እጃችን እየተጋጨ፣ ውሃው እግራችን ላይ እየተረጨ ብሩክ ሳቀ። ከመጣ ወዲህ ሲስቅ መጀመሪያ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ትንሽ ቆይቶ የእሱ ዝቅ፣ የእኔ ከፍ እንዳለ ውሃው ባለበት ረጋ።

"ቆመ" አለ ብሩክ።

"አልቆመም። እጃችሁን እዩት እንጂ፣ እየቀዳችሁ ነው። የሄደው ያህል ስለሚመለስ ነው የቆመ የሚመስለው።"

አለችና መጽሐፉ ላይ ያሉትን ሁለት ተቃራኒ ፍላጻዎች በጣቷ ነካቻቸው። ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን ተዋህደው አሞኒያ ይሆናሉ፤ አሞኒያው ደግሞ እዚያው ተመልሶ ይበተናል። ሁለቱ ወገኖች እኩል ይሁኑ የሚል ሕግ የለም፤ እኩል የሚሆነው ፍጥነታቸው ነው። ገባት። ለእኛም ገባን። ብሩክ ግን ኩባያውን እንደያዘ ዓይኑን ከባልዲዎቹ አላነሳም።

በልቡ የያዘውን የተናገረው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ እኔና እናቴ እዚያው ባለንበት ነው። በጣም በትሕትና፣ ለትልቅ ሰው እንደሚነገር አድርጎ፣ "እትዬ ሮማን፣ እርስዎ ጥሩ ነዎት። ግን እማዬ ብቻዋን ናት" አላት።

እትዬ ሮማን ጠረጴዛውን መወልወሏን አላቋረጠችም። እሺ አለችው። እሱ ከክፍሉ ሲወጣ እናቴ ልጅ ነው፣ ይረሳዋል፣ ታገሺው ብትላት ራሷን ነቀነቀች።

"አንዴ ከእናቱ ነጥዬዋለሁ። ሁለተኛ አልነጥለውም።"

ትምህርት ሲዘጋ ሸኘነው። ወደ አገር ቤት የምትሄድ አንዲት የምናውቃት ሴት ነበረችና አብሯት ሄደ። እትዬ ሮማን መንገዱን ሙሉ ጃኬትህን ዝጋ፣ ፓስፖርትህን አትጣል ስትለው ቆየችና፣ መሳፈሪያው በር ላይ ሲደርስ ጃኬቱን ራሷ ዘጋችለት። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ በስልክ ካርድ ትደውላለች፤ ብሩክ ሰላም ብሏት ስልኩን ለአክስቱ ይሰጣል። እሷ ነርስ ሆነች፤ ካስትሮ ቫሊ በምትባል ከተማ ቤት ገዛች። ሌላ ልጅ አልወለደችም።

ብሩክን ዳግም ያየሁት በቀብሯ ላይ ነው። ጢሙ ሸብቶ፣ ተሳፍሮ መጥቶ። ለቀስተኛው ሲበተን አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና፣ ምን ዓይነት ሰው ነበረች ብሎ ጠየቀኝ። ለጨዋነት የምመልሰውን ስፈልግ፣ የእናቱን ጠባይ ሁሉ የማውቀው እኔ መሆኔ ገባኝ። ስትናደድ ድስት እንደምታንኳኳ፣ ራሴን ስትሠራኝ እያንጎራጎረች እንደምትጎነጉን፣ ሳል ሲይዘኝ ደረቴን በምን እንደምታሸኝ፣ ስታቆላምጠኝ ምን ምን ብላ እንደምትጠራኝ።

አንድ በአንድ ነገርኩት። ሳላስቀር። እሱ ጎንበስ ብሎ ይሰማል፤ ዝም ስል፣ "እሺ፣ ከዚያስ?" ይለኛል።