ትዕዛዝን የጠየቃት አልነበረም

ኤልሳዕ ከማረሚያ ቤት በአመክሮ የወጣ ሰሞን፣ እሑድ ዕለት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ወንጌላዊ ጩማ ከፊት አስቁሞት፣ ትከሻውን ይዞ፣ ይህ ልጅ እስር ቤት ገብቶ እንደሌላው እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፣ ተምሮ የአሥረኛ ክፍልን ፈተና በጥሩ ውጤት አልፎ ወጣ ሲል ሕዝቡ እልልታውን አቀለጠው። እናቱ አሳየሽ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። ከጎኗ የተቀመጠችው ታናሽ እህቱ ትዕዛዝ ከሰው ጋር አጨበጨበች፤ አንጀቷ ግን እርር ብሏል። ያን ቀን ትዕዛዝን «አንቺም ተነሺ» ያላት ሰው አልነበረም።

ኤልሳዕ የታሰረው በዘጠና ሦስት ዓመተ ምሕረት ነው። ገሱባ አጠገብ ባለችው የአባታቸው መሬት አጎታቸው ከጎረቤት ጋር በወሰን ሲጣላ ኤልሳዕ ደርሶ፣ በዱላ የጎረቤትየውን ዓይን አጠፋ። አልካደም፤ ተፈረደበት። አባታቸው ከሞተ ቆይቷል፣ እናታቸው ወገቧን ታማለች፣ ቤቱን ደግፎ የያዘው የኤልሳዕ የቀን ሥራ ነበር። ትዕዛዝ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበረች፤ ከክፍሉ አንደኛ ካልወጣች ሳምንት የምታኮርፍ ልጅ። አንድ ሰኞ ጠዋት ዩኒፎርሟን አጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችና የቅቤ ንግድ ጀመረች። ትምህርትሽን ተይ ያላት የለም። አትተይ ያላትም የለም።

ከገሱባ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ በአይሱዙ ታመጣለች፤ ሶዶ ገበያ ትቸረችራለች፤ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ቆጮና ዳጣ ይዛ ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ትሰለፋለች። ኤልሳዕ ግቢው ውስጥ ትምህርት ቤት መኖሩን ነግሮ መጽሐፍ ሲለምናት፣ የራሷን መጻሕፍት አቀበለችው፤ በያንዳንዱ የፊት ገጽ ላይ በቆንጆ እጅ ጽሕፈት ስሟ ተጽፎበታል። ያኔ አልቀናችም፣ አዘነችለት። ቅናቱ የገባው በኋላ ነው፤ እሷ ያልደረሰችበትን የሒሳብ ምዕራፍ ወንድሟ ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ በደስታ ሲያስረዳት። «ሰዓቱ አለቀ፣ ፖሊሱ እየጠራ ነው» ብላው ሄደች። ፖሊሱ አልጠራም ነበር።

ከእስር ከወጣ በኋላ ኤልሳዕን ወንጌላዊው ወስዶ ከአቶ ገብረአማኑኤል ጋር አገናኘው። አቶ ገብረአማኑኤል ረጅም ዘመን ያስተማሩ፣ አሁን በቴክኒክና ሙያ ኮሌጁ ውስጥ አዲስ ገቢዎችን በየትኛው ሙያ ቢማሩ እንደሚሻል የሚያማክሩ ሰው ነበሩ። ወሬ አይወዱም። የኤልሳዕን ፍርድ ሰምተው ከንፈራቸውን አልመጠጡም፤ ይልቅ በየትኛው መሥሪያ ቤት በር ላይ ፍርዱ እንደሚያግደው፣ በየትኛው እንደማያግደው እያነሱ አወያዩት። የመንግሥት ቅጥር ለጊዜው ይከብደዋል፤ ስለዚህ ቅጥር የማይጠብቅ፣ በገዛ እጁ የሚያድርበት ሙያ ይሻለዋል። ኤሌክትሪክ መረጡ። ቴን ፕላስ ቱ፣ ከአሥረኛ በኋላ ሁለት ዓመት ይማራል፣ ከዚያ ከጓደኞቹ ጋር ይደራጃል፣ ከዚያ የራሱን ሱቅ ይከፍታል። ኤልሳዕ ይህን ሁሉ እራት ላይ እያብራራ ሲያወራ እናቱ መብላት ትረሳ ነበር።

ትዕዛዝ ሳህኑን እያነሣች ትሰማለች። ሰው የሰው ዓይን አጥፍቶ ሲመጣ ምን መሆን ትፈልጋለህ ተብሎ ተቀምጦ ይመከራል፤ ምንም ያላጠፋ ሰው ቅቤ ይመዝናል። ይህን አሳብ ማታ ይዛው ትተኛለች፣ ጠዋት አብሯት ይነሣል። ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ሲሄድ ማየት እንኳ ያቃጥላት ጀመር። ሳቁ ያናድዳት ነበር። ሸሚዙን የምታጥበው እሷ ናትና፣ አንዳንድ ቀን ሆን ብላ ሳትተኩሰው ትሰጠዋለች።

በሁለተኛው ዓመት ኤልሳዕ በአንድ ባለሙያ ሥር ገብቶ በተግባር መለማመድ ነበረበት፤ ያለዚያ አይመረቅም። ሶዶ ውስጥ የቤት መስመር የሚዘረጋ ብሩ የሚባል ሰው ሊወስደው ተስማማ። ብሩ የትዕዛዝ የቅቤ ደንበኛ ነው። ቅዳሜ ገበያ መጥቶ ቅቤውን እያስመዘነ፣ የሰው ቤት እየገቡ የሚሠሩት ሥራ ስለሆነ የወንድሟን ጸባይ ጠየቃት።

«ጸባዩስ ጥሩ ነው» አለች። ከዚያ ከሚዛኑ ቀና ሳትል ጨመረች፦ «ከማረሚያ ቤት ከወጣ ወዲህ ሰው አልመታም።»

ብሩ ቅቤውን ተቀብሎ ሄደ።

ሰኞ ኤልሳዕ ሄዶ ቦታው ተይዟል ተብሎ ተመለሰ። አልጋው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ትዕዛዝ መጀመሪያ የተሰማት፣ እውነት ለመናገር፣ ደስታ ነበር፤ ሥራዋን ስትሠራ መዝሙር እስከ ማንጎራጎር ደረሰች። ደስታው ግን አልበረከተም። ወንድሟ ቤት ዋለ፤ እናቷ ልጇን እያየች እንደገና ማልቀስ ጀመረች፤ ትዕዛዝም እንደ እስር ቤቱ ዘመን ምግብ እያቀረበች ልትጠብቀው ነው። እንዲያውም የባሰ ሆነ፤ ድሮ የምታበላው በሳምንት አንድ ቀን ነበር።

ኤልሳዕ ተነሥቶ ወደ አቶ ገብረአማኑኤል ሄደ። እሳቸው ነገሩ ከፍርዱ መሆኑን ገመቱ እንጂ ብሩን አልወቀሱም። ፍርድህን ሌላ ሰው ከነገረልህ ሐሜት ይሆናል፣ ራስህ ከነገርክ ግን ታሪክህ ነው፤ ከእንግዲህ ገና በሩ ላይ ሳለህ አንተ ቀድመህ ተናገር አሉት። ኤልሳዕ ምክሩን ይዞ አረካ ወረደ። ሁለት ባለሙያዎች በትሕትና መለሱት። ቦልቴ የሚባል ሽማግሌ ባለሙያ ግን ሰምቶት ሲያበቃ፣ ሰውየው አሁን በሕይወት አለ ወይ ብሎ ጠየቀው። አለ፣ ሽማግሌዎች አስታርቀውን ካሳ ከፍለናል ሲለው፣ ነገ መሰላል ተሸክመህ ና አለው።

ኤልሳዕና ብሩ መንገድ ላይ የተገናኙት ከዚያ በኋላ ነው። ብሩ አፍሮ ነበርና እውነቱን አወጣው።

ኤልሳዕ ቤት ሲገባ ትዕዛዝ ብቻዋን የቦዬ ሥር ትልጣለች። በርጩማ ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«ብሩ የነገረችኝ እህትህ ናት አለኝ።»

«ያልሆነ ነገር አልነገርኩትም» አለች።

«አዎ፤ ያልሆነ አልተናገርሽም።»

ቢጮህባት ይሻላት ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች። «ስድስት ዓመት ሙሉ እሑዴን በላኸው፣ ኤልሳዕ። መጽሐፌን ወሰድክ። ወንጌላዊው አንተን አስነሣ፣ ጋሼ ገብረአማኑኤል አንተን አማከሩ። እኔን ማን ጠየቀኝ? አንተስ አንድ ቀን ጠይቀኸኛል?»

ኤልሳዕ ያስቀመጠችውን ቢላዋ አነሣና የቀረውን ቦዬ ይልጥ ጀመር። ይቅርታ አልጠየቀችውም፣ እሱም አልጠየቃትም። ሲነሣ ግን፣ አቶ ገብረአማኑኤል ማክሰኞ ከሰዓት ሰው ያነጋግራሉ፣ ቅቤውን እኔ እሸጥልሻለሁ አላት።

ከእሱ አፍ ስለ ወጣ ብቻ ብዙ ማክሰኞ አሳለፈች። በመጨረሻ የሄደችው ልትማከር ሳይሆን ልትከስ ነው። ሰውየው ፊት ቀርባ፣ ጥፋተኛ የሚታገዝበት፣ ጨዋ የሚረሳበት አገር ነው ብላ የሆዷን ዘረገፈች። እስክትጨርስ ሰሟት።

«ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?» አሉ።

ይህን ጥያቄ ስንት ዘመን ስትመኝ ኖራ፣ ሲመጣ ዝግጁ አልነበረችም። «የእሱን ያህል» አለች።

«እሱ ሙያ አይደለም፣ ልጄ። አስበሽ ተመለሺ።»

ተናዳ ወጣች። ግን ተመለሰች። በሁለተኛው ጊዜ የነገረቻቸው ለማንም አውርታው የማታውቀውን ነው፤ ገሱባ ቅቤ ልታመጣ ሄዳ የአንዲት ሴትዮ ብቸኛ ላም ሆዷ ተነፍቶ ስትሞት፣ መንደሩ ሁሉ ቆሞ አይቶ፣ የሚያውቅ ሰው ሳይመጣ መቅረቱን። የዚያን ቀን፣ የሚመጣው ሰው እኔ ብሆን ብላ እንደ ነበር ነገረቻቸው። አቶ ገብረአማኑኤል ይህንን ሙያ ነው አሉ። የእንስሳት ጤናን የግብርና ኮሌጅ ይሰጣል፤ መጀመሪያ ግን አሥረኛን መጨረስ አለ። ማታ ትማራለች፤ ቀን ትነግዳለች፤ ቅዳሜን ኤልሳዕ ይሸፍናል።

ሃያ አምስት ዓመቷ ነበር። በማታው ክፍል ከቤት ሠራተኞችና ከጥበቃዎች ጋር ዘጠነኛን እንደ አዲስ ጀመረች። ሒሳብ የሚያስተምራት በእምነት የሚባለው የድሮ የክፍል ጓደኛዋ ሆኖ ተገኘ፤ ድሮ እሷ ታስኮርጀው የነበረ ልጅ። የመጀመሪያውን ሳምንት በሙሉ ቀና ብላ አላየችውም። ከዚያ ግን በንዴት ታጠና ጀመር፤ ንዴቱም ከቡና ይልቅ አነቃት።

የአሥረኛ ውጤት ሲመጣ መጀመሪያ የጠየቀችው አልፌያለሁ ወይ ብላ አይደለም፤ ኤልሳዕ በሒሳብ ስንት አምጥቶ ነበር ብላ ነው። እሱ ይበልጥ ነበር። ማለፏን ረስታ ሁለት ቀን ፊቷ እንደ ጠቆረ ዋለች። እናቷ፣ ሁለታችሁንም የወለድኩ እኔ ነኝ፣ ለማን ልቅና ብላ ሳቀችባት።

ከኮሌጅ ስትመረቅ ኤልሳዕ አረካ ሱቁን ከፍቶ፣ አግብቶ ነበር። እሷን ገሱባ መደቧት። በመጀመሪያው ወር ከብት ልትከትብ በሄደችበት ቀበሌ ሁሉ ሰዎች፣ መብራት የሚዘረጋው የኤልሳዕ እህት ነሽ አይደል ይሏታል፤ እሷም ጥርሷን ነክሳ አዎ ትላለች። ክትባት እየሰጠች፣ ምጥ የጠናባትን ላም እያዋለደች፣ ዝናብና ጭቃ ሳትል ዓመት አለፈ።

አንድ እሑድ ኤልሳዕ ሶዶ እናታቸው ቤት መጥቶ ምሳ ላይ አንድ ነገር አነሣ። አንድ ገበሬ ከገሱባ አምፖል ሊገዛ ሱቁ ገብቶ ስሙን ከነአባቱ ሲሰማ፣ የዶክተሯ ወንድም ነህ እንዴ ብሎት ኖሯል። ዶክተር አይደለችም ልለው ነበር፣ ግን ተውኩት አለ ኤልሳዕ እየሳቀ።

ትዕዛዝ ወጥ ልትጨምርለት ጎንበስ አለች።

«ምን አለኝ ነው ያልከው?» አለችው።

ኤልሳዕ እንደገና ነገራት።