የአስኳሉ ቀለም

ሱማርሚ ልትፈታው የተነሳችው ችግር አንድ ነበር። ባሏ ፓይጃን ያለ እንቁላል እህል አይወርድለትም፤ ሐኪሙ ደግሞ ኮሌስትሮልህ ከፍ ብሏል፣ ኪኒንህን ዋጥ፣ እንቁላል ቀንስ ብሎታል። በኢንዶኔዥያዋ የእንቁላል አገር በብሊታር፣ ያውም ሦስት መቶ ዶሮ በጓሮ ይዞ፣ እንቁላል መቀነስ እንዴት ይቻላል?

እሷ ከእናቷ የወረሰችው ሙያ ቅመም ነው። ጠዋት ጠዋት የእርድና የዝንጅብል ጭማቂ በጠርሙስ አዝላ በየደጁ ትሸጣለች። ለሰው የሚበጅ ለዶሮስ ለምን አይበጅም ብላ እርድ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት አድርቃ ፈጨች፤ ከመኖው ጋርም ቀላቀለችው። በሦስተኛው ሳምንት አስኳሉ ጠለቅ ያለ ቢጫ ሆነ።

"ተስማማቸው" አለች።

እኛ ዘንድ መድኃኒት ሠራ አይባልም፤ ተስማማ ነው። ሳይሠራ ቢቀር ሰውየውን አልተስማማውም እንላለን እንጂ መድኃኒቱን የሚጠረጥር የለም። ደግ ቃል ነው፤ ግን ከእሱ ወዲያ ጥያቄ አይጠየቅም።

የእንስሳት ጤና ባለሙያዋ ራትሪ የዶሮዎቹን ደም ወስዳ አስመረመረች። ኮሌስትሮሉ በእርግጥ ቀንሷል።

"ዶሮዎቹ ቀድመውኝ ዳኑ" አለ ፓይጃን። "ከእነሱ ጋር አስፍሪኝ እንግዲህ።"

"ቆጥ ላይ መውጣት ትችላለህ ፓክ?" አለችው፤ ባሏን ፓክ፣ አባት፣ እያለች ነው የምትጠራው። "ይልቅ ብላ፣ አንተንም ይስማማሃል።"

በቀን ሦስት በላ። ኪኒኑን መሳቢያ ውስጥ ረሳው፤ አየችው፣ መሳቢያውንም መልሳ ዘጋችው። በስምንተኛው ወር የመኖ ጆንያ ሲያስር ቀኝ እጁ ከዳው፤ አፉም ተጣመመ።

አስኳሉ የተመረመረው ከዚያ በኋላ ነው። ከማንኛውም እንቁላል ብዙም አይለይም።

"በዶሮዎቹ ደም ውስጥ ቀንሶ የለም እንዴ?" አለች ሱማርሚ።

"ደሙ መንገድ ነው፣ ቡ" አለች ራትሪ፤ ቡ እማማ እንደማለት ነው። "አስኳሉ ጎተራ ነው፤ ዶሮዋ ለጫጩቷ ስንቅ የምታስቀምጥበት። ከራሷ ቢጎድል እንኳ ከስንቁ አታጎድልም።"

"ቀለሙስ?"

"የእርዱ ነው። የእርስዎንስ ጣቶች አቅልሞ የለ?" ራትሪ አንገቷን ደፋች። "ደም መውሰድ ስለቀለለኝ ደም ወሰድኩ። ሰው የሚበላው ግን አስኳሉን ነበር።"

ሱማርሚ ጣቶቿን አየቻቸው። ብላ ያለችው እሷ ናት፤ መሳቢያውንም አይታለች።

አሁን ጓሮውን በቀርከሃ ከፍላ አራት ጉረኖ ሠርታለች። አንደኛው ቅመም አይቀምስም። ሦስቱ በሚዛን የተለካ፣ መጠኑ የተለያየ ያገኛሉ። ከሰል እያስያዘችው ፓይጃን በግራ እጁ በየእንቁላሉ ላይ የጉረኖውን ቁጥር ይጽፋል፤ ራትሪ አስኳሉን ወደ ላቦራቶሪ ትወስዳለች። ኪኒኑን ጠዋት ጠዋት ራሷ ታስውጠዋለች።

"የትኛው ተስማማ?" አላት ትናንት፣ በተጎተተ ምላሱ።

"አላውቅም ፓክ" አለችው። "የአራተኛው ጉረኖ አስኳል ውጤት ገና ከላቦራቶሪ አልመጣም።"