የሌንሱን ጠርዝ የመረጥኩት እኔ ነበርኩ

እህቴ መነጽር ማድረግ የጀመረችው በአምስት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት ስትገባ የሰፈራችን ልጆች «ጠርሙስ» ይሏት ጀመር፤ እኔም እየተከተልኩ እጣላላት ነበር። በስምንት ዓመት እበልጣታለሁ። እናታችን ሞታ ሀዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ባለው ቤታችን ሁለታችን ብቻ ስንቀር፣ ምን እንደምትለብስና የት እንደምትማር የምወስነው እኔ ሆንኩ። እሷ ሁልጊዜ እሺ ትለኝ ነበር። እሺታዋ ከጠባይዋ ይሁን ከእኔ ድምፅ የመጣ፣ ያን ጊዜ ጠይቄ አላውቅም።

ከመምህራን ኮሌጅ ልትመረቅ አንድ ወር ሲቀራት አዲስ መነጽር ላሠራላት ፈለግኩ። ሩቅ ስለማይታያት የመነጽሯ ቁጥር ማይነስ አሥራ አንድ ነበር። እንዲህ ያለ ሌንስ መሐሉ ስስ፣ ዳሩ ወፍራም ነው። ስለዚህ እስከዚያ ድረስ ዳሩን የሚሸፍን ጥቁር የፕላስቲክ ፍሬም ነበር የምታደርገው። እኔ ግን ለምርቃት ፎቶዋ የሚሆን ቀጭን፣ ወርቃማ፣ ከታች ክፍት የሆነ ፍሬም መስኮት ላይ አይቼ ልቤ እዚያው ቀርቶ ነበር።

የመነጽር ቤቱ ባለቤት ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ፍሬሙን ተቀብለው አገላበጡት።

«ይሄ ከታች ክፍት ስለሆነ የሌንሱ ጠርዝ ይታያል» አሉን። «እንዲሁ ከተውኩት ደብዛዛ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ከፊት ለፊት ላያት ሰው ቀለበት ቀለበት ይመስላል። ከወለወልኩት ግን እንደ መስታወት ይጠራል፣ ውፍረቱም ያን ያህል አይታወቅም። ችግሩ ብርሃን በጎን እየገባ አንዳንዴ ብልጭ ሊልባት ይችላል።»

ሁለት ናሙና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። እህቴ ደብዛዛውን አንስታ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው።

«እኔ ይሄ ይሻለኛል» አለች። «ብርሃን ያስቸግረኛል።»

«ፎቶው ላይ ያ ቀለበት እንዲወጣ ነው?» አልኳት።

ናሙናውን ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። ወደ ጋሼ ዞሬ «ይወልወልልን» አልኩ። እሳቸው ግን እሷን ነበር የሚያዩት።

«አንቺስ ልጄ?»

«እሷ እንዳለችው ይሁን።»

መነጽሩ አማረባት። ፎቶውም አማረ። ተመርቃ ሁለተኛ ክፍል ማስተማር ጀመረች፤ ጥቂት ወራት በደህና አለፉ። አንድ እሁድ ከቸርች ስንወጣ ዓሣ ልንበላ ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ሄድን። እየበላን ሳለ እጇን ግራ ጆሮዋ አጠገብ አንስታ አወዛወዘች።

«እዚህ ጋ ብልጭ ይልብኛል» አለችኝ። «ከዳር፣ እንደ መብራት።»

«ጋሼ ነግረውን የለ? የተወለወለው ጠርዝ ነው። ፀሐዩም ሐይቁ ላይ አርፏል፤ ዙሪና ተቀመጪ።»

ጀርባዋን ለሐይቁ ሰጥታ ተቀመጠች። እኔም ዓሣዬን መብላት ቀጠልኩ።

ከሳምንት በኋላ ጠዋት ለሥራ የምለብሰውን ሸሚዝ ስተኩስ ከመኝታ ክፍሏ ወጣች። መነጽሯን አላደረገችም።

«ሳወልቀውም ብልጭ ይላል» አለችኝ።

ካውያውን ከሸሚዙ ላይ አላነሳሁም። «ዓይንሽ ደክሞ ነው» አልኳት። «የልጆቹን ደብተር እስኪመሽ ማረሙን ተዪው።»

ጥፋቱ የጠርዙ ቢሆን ኖሮ መነጽሩ ሲወልቅ ብልጭታው መቅረት ነበረበት። ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ ቀና ብሎ አንድ ደቂቃ ማሰብ ይበቃል። እኔ ያን አንድ ደቂቃ አልሰጠኋትም። ከዚያ በኋላ ጥቁር ነጠብጣቦች ዓይኗ ውስጥ ሲንሳፈፉ ለእኔ መንገሩን ተወችው። ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ከትምህርት ቤቷ ተደወለልኝ። ባጃጅ ይዤ ስደርስ መምህራን ክፍል ግራ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና ተቀምጣለች። «ከታች ጥቁር መጋረጃ እየወጣብኝ ነው» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

ክሊኒክ ያገኘናት ሐኪም ወጣት ነበረች። ጠብታ አድርጋ ረዥም ጊዜ አየቻት።

«ብልጭታው ከጀመረ ምን ያህል ሆነው?»

እህቴ ወደ እኔ ዞረች።

«ሦስት ሳምንት» አልኩ።

ሐኪሟ አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ በቀለለኝ። ሬቲና የሚባለው የዓይን የኋላ ሽፋን መላቀቁን፣ ቁጥራቸው ከፍ ባለ ሰዎች ላይ ይህ እንደሚደርስ ነገረችን። ብልጭታው እንደ ጀመረ ታይቶ ቢሆን ምናልባት በሌዘር ጨረር መያዝ ይቻል ነበር። በማግስቱ ለቀዶ ጥገና አዲስ አበባ ሄድን።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሽፋኑ በቦታው እንዲጣበቅ ለቀናት በግንባሯ ተደፍታ እንድትተኛ ታዘዘች። ዘመድ ቤት ወለል ላይ ፍራሽ አንጥፈን እኔ አጠገቧ ተቀምጬ አጎርሳት ነበር። በሁለተኛው ቀን ከዚያ በላይ በሆዴ መያዝ አቃተኝ።

«ያዘገየሁሽ እኔ ነኝ» አልኳት።

ፊቷ ትራሱ ውስጥ ነበር። «አውቃለሁ» አለች። ቀጥላ «ውኃ ስጪኝ» አለችኝ። ሰጠኋት።

ግራ ዓይኗ አልተመለሰም፤ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ይለያል። ቀኙን እንዲሁ እንዳይሆን አስቀድመው በጨረር አጠነከሩላት። ሀዋሳ ተመልሰን መነጽር ቤት ስንገባ ጋሼ የሆነውን ሰምተው ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ።

«ብልጭ ይላል ብዬ የነገርኳችሁ እኔ ነኝ» አሉ።

«እርስዎ አይደሉም ጋሼ» አልኳቸው። «እርስዎ እሷን ጠይቀዋት ነበር።»

ያን ቀን ፍሬሙንም ጠርዙንም ራሷ መረጠች። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ መንገዱን አይ ነበር።

አሁን እያስተማረች ነው። ረባሽ ልጆችን በቀኟ በኩል እንደምታስቀምጥ ስቃ ነግራኛለች። በቅርቡ ትምህርት ቤቷ አጠገብ አንድ ክፍል ተከራየች። ሳታማክረኝ ነው የጨረሰችው። ፍራሿን ባጃጅ ላይ ስንጭን መንገድ ስትሻገር እንድትጠነቀቅ ልነግራት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

«ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ» አለችኝ።

ትመጣለች። ምሳ እንበላለን፤ ስለ ተማሪዎቿ ታወራልኛለች፤ እኔም እጄ ላይ ያለውን ሥራ አስቀምጬ እሰማታለሁ። ስለዚያ ሦስት ሳምንት ግን ሁለታችንም ዳግመኛ አንስተን አናውቅም።