ከየኔታ ጎን የተቀመጥሁ ዕለት

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት... እኅቴ ወልዳ ልጠይቃት ወደ ሉማሜ ለመሄድ ከማርቆስ መናኸሪያ ሚኒባስ ገባሁ። አንድ ቦታ ብቻ ነበር የቀረው። ከጎኑ ጥምጣም የጠመጠሙ፣ ጥቁር መነጽር ያደረጉ አባት ተቀምጠዋል። ሰው መምጣቱን ሲሰሙ «ግባ፣ ግባ» ብለው ጠጋ አሉልኝ።

በድምፃቸው አወቅኋቸው። የኔታ ናቸው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከእግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ ዜማ የተማርሁ መምህሬ። ካየኋቸው ስድስት ዓመት አልፏል። ዓይናቸው መጥፋቱን አልሰማሁም ነበር።

ልወርድ አሰብሁ። ግን ረዳቱ በሩን ዘግቶት መኪናው መንቀሳቀስ ጀምሯል።

ለምን ልወርድ እንደፈለግሁ ልንገራችሁ። አምበር አጠገብ እርሳቸው ጉባኤ ቤት ሳለሁ በድምፄ የታወቅሁ ነበርሁ። በዓል ሲደርስ ከሌላ ደብር ሁሉ ይላክብኝ ነበር። «ኅሩይ» ብለው ስም ያወጡልኝ የኔታ ናቸው፤ የተመረጠ ማለት ነው። «እግዜር ለዚህ ነው የጠራህ» እያሉ አሳደጉኝ። አመንኋቸው። ሌላ ነገር እሆናለሁ ብዬ አንድ ቀን እንኳ አስቤ አላውቅም።

ከዚያ አንገቴ ላይ እንቅርት ወጣ። እያደገ ሲመጣ በነጠላ ሸፍኜ፣ ቤተሰብ ልጠይቅ ብዬ ከየኔታ ተሰናብቼ ወጣሁና ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ። ሐኪሙ አልዋሸኝም። ድምፅ ሊነካ ይችላል፣ ግን የሚያጋጥመው ጥቂት ሰው ነው ብሎኝ ነበር። ከጥቂቶቹ አንዱ እኔ ሆንሁ። ስነቃ ከጉሮሮዬ የወጣው ነገር የኔ አልነበረም... የሻከረ፣ የታፈነ፣ ከሹክሹክታ ትንሽ ከፍ የሚል።

ይመለሳል ሲሉኝ ጠበቅሁ። ጠበል ገባሁ። ተሳልሁ። አልተመለሰም። አገሬ መርጡለ ማርያም ሊጠይቀኝ የመጣው ሰው ሁሉ ግን የሚለው አንድ ነበር። «ለበጎ ነው።» ቅዳሴ ሰምቶ የሚመለሰውም፣ ጠላ ጠጥቶ የሚመለሰውም «ለበጎ ነው» ብሎኝ ይሄዳል። እንዴት ለበጎ እንደሆነ የነገረኝ የለም። መጨረሻ ላይ ለማንም ሳልናገር ማርቆስ ገብቼ ፎቶ ኮፒ ቤት ከፈትሁ።

አሁን እንግዲህ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠናል።

ሰላም ስላቸው «ጉንፋን ይዞሃል ልጄ?» አሉኝ። «አዎ አባ» አልሁ። ይህን ውሸት ለምጄዋለሁ።

ከፊት የተቀመጠችው ምራታቸው ዓይን ሐኪም ዘንድ አምጥታቸው እንደነበረ ነገሩኝ። ሐኪሙ ጊዜው አልፏል ብሏቸዋል። ይህን ያወሩኝ ስለ ሌላ ሰው ዓይን የሚያወሩ ይመስል ተረጋግተው ነው። ሹፌሩ መዝሙር ከፍቶ ነበር። ጥቂት አዳመጡና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ድምፅ ካልህ አንድ ተማሪ ነበረኝ» አሉ። «እንደሱ ያለ ዳግም አልሰማሁም። እግዜር ለቤቱ የሰጠው ነበር። ምን ያደርጋል፣ ከተማ አታለለውና ጥሎን ኮበለለ። መክሊቱን ቀበረ።»

አዲስ ተማሪ በመጣ ቁጥር የዚህን ልጅ ታሪክ እንደሚነግሩት፣ የተጠራበትን ጥሎ የሚሸሽ ሰው መጨረሻው እንደማያምር እንደሚያስጠነቅቁት አጫወቱኝ። ቁጣ የለባቸውም። ያዘኑ ነው የሚመስሉት። እኔን የጎዳኝም እሱ ነው።

ሰው ሁሉ ጉንፋን ይዞሃል ቢለኝ እችላለሁ። ይህን ግን አልቻልሁም።

«የኔታ... ኅሩይ እኔ ነኝ።»

ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ በዕውር አይቀለድም። የዚያን ልጅ ድምፅ ከሺህ ሰው መካከል እለየዋለሁ።»

ገና አዲስ ተማሪ ሳለሁ ውሻ ነክሶኝ እግሬ ማበጡን ነገርኋቸው። እኔን በቅሏቸው ላይ አስቀምጠው እርሳቸው በእግራቸው እየሄዱ ጤና ጣቢያ እንዳደረሱኝ። መንገድ ላይ አፍሬ ልውረድ ስላቸው «ተቀመጥ፤ የጫንሁት የእግዜርን ዕቃ ነው» እንዳሉኝ። በዚያ መንገድ ከሁለታችን በቀር ማንም አልነበረም።

ፈገግታው ከፊታቸው ጠፋ። እጃቸውን ዘረጉ። ፊቴን ዳሰሱና ወደ አንገቴ ወረዱ። ጣታቸው ጠባሳው ላይ ሲደርስ ቆመ... ከዚያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብለው ሄዱበት።

መዝሙሩ አልቆ ሌላ ጀመረ።

«ለምን አልነገርኸኝም?»

«ለበጎ ነው እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው የኔታ።»

እጃቸውን ከአንገቴ አንሥተው እጄን ፈልገው ያዙ።

አምበር ስንደርስ ምራታቸው ወርዳ እጃቸውን ልትይዝ መጣች። እርሳቸው ግን እጄን ጨብጠው አልለቀቁም። ሰው እየገፋን፣ ረዳቱም ፈጠን በሉ እያለን ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

«ስድስት ዓመት ሙሉ አንተን መጥፎ ምሳሌ አድርጌ አስተማርሁብህ። ይቅር በለኝ።»

መምህሬ ናቸው። እጃቸውን ሳምሁና «ይቅር ብያለሁ፤ እርስዎም ይፍቱኝ» አልኋቸው። ከልቤ ነበር። ምራታቸው አወረደቻቸው። መሬት ሲረግጡ ፊታቸውን ወደ መኪናው መለሱ፤ ግን እኔ ወዳለሁበት መስኮት አልነበረም።

እኅቴ ቤት ደርሼ ሕፃኑን አቀፍሁት። ዓይንህ ቀልቷል፣ ምን ሆነህ ነው ስትለኝ ጉንፋን አልኋት።

የኔታን ይቅር ለማለት ከወንበሩ እስከ በሩ ያለው መንገድ በቃኝ። የጠራኝን ግን... ይኸው ስድስት ዓመት አለፈኝ፣ እሑድ እሑድ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሜ እየሞከርሁ ነው።