ሳላይ የፈረምኩበት ሣጥን

ቆቦ ውስጥ በመጨረሻ የሠራሁበት መድኃኒት ቤት ባለቤት አንድ ማሽን አስመጣ። የእያንዳንዱን በሽተኛ የየቀን ክኒን ለይቶ በትንንሽ ላስቲክ ያሽጋል፤ ስምና ቀንም ያትምበታል። ለየመድኃኒቱ የተለየ ሣጥን አለው። ሣጥኖቹን የምንሞላው ግን እኛ ነን። ማሽኑ የተሞላለትን ያሽጋል እንጂ ምን እንደሆነ አይጠይቅም።

ስለዚህ ደንብ ወጣ። ፋርማሲስቱ ይሞላል፤ እኔ ረዳቱ ሣጥኑን ከፍቼ ክኒኑን ክዳኑ ላይ ከተለጠፈው ናሙና ጋር አስተያይቼ እፈርማለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንደ ደንቡ አደረግኩ። አንድ ቀን ሰው በተሰለፈበት ሣጥን ስከፍት ፋርማሲስቱ ሳቅ አለ።

«ይኸውላችሁ፣ በስተርጅና ፈታኝ ተሾመብኝ! አንቺ፣ አፍህንም ክፈት በይኝ እንጂ።»

ሰዉ ሳቀ። ፋርማሲስቱ በዕድሜ ታላቄ ነው፤ ሥራውንም ያስተማረኝ እሱ ነው። አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ እሱ ሞልቶ መዝገቡን ሲያቀርብልኝ ሳልከፍት ፈረምኩ። እሱን ያከበርኩ መስሎኝ ነበር።

በዐቢይ ጾም አንድ ረቡዕ ጠዋት መብራት ጠፋ። ማሽኑ ስለቆመ ክኒን በእጅ መስጠት ግድ ሆነ። የደም ግፊቱን መድኃኒት ሣጥን ከፈትኩ። የግፊቱ ክኒን መሐሉ ላይ መስመር አለው፤ እጄ ላይ ያለው መስመር የለውም። የስኳር በሽታ ክኒን ነው።

«ጋሼ፣ ይህን ይዩት» አልኩት።

መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። «ሰኞ ነው የሞላሁት» አለ።

ስኳር የሌለበት ሰው ያንን ክኒን ውጦ እህል ሳይቀምስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢቆይ ራሱን ይስታል፤ ሊሞትም ይችላል። ከሰኞ ወዲህ የግፊት መድኃኒት የወሰዱት ሰባት ነበሩ። ስድስቱን ፋርማሲስቱ ስልክ ደውሎ አገኛቸው። ሰባተኛዋ የጎብዬ ገበሬ ናት፤ ስልኳ ዝግ ነው። ሚኒባስ ያዝኩ። ሮቢት ላይ ሰው ሊጭን ሲቆም ሾፌሩን ተቆጣሁት፤ ተቆጥቼ አላውቅም።

ሴትዮዋን ደጇ ላይ ማሽላ ስታነፍስ አገኘኋት።

«ትናንት ላብ አጠመቀኝ፣ እጄም ተንቀጠቀጠ» አለችኝ። «ጾሙ ነው ብዬ ቻልኩት።»

የተሳሳተ መድኃኒት እንደደረሳት ነግሬያት መጀመሪያ ጥቂት እንጀራ አስቀመስኳት። ላስቲኮቹን አምጥታ ሰጠችኝ። ሠላሳ ነበሩ፤ የዋጠችው ሁለት ነው። እጄ ላይ ያሉት ሃያ አራት ብቻ ሆኑ።

«አራቱስ?»

«ለጎረቤቴ ሰጠኋት። እሷም ግፊት አለባት፣ መድኃኒቷ አልቆባት። ብቻዬን ልዳን እንዴ?»

እኛ ዘንድ መድኃኒት እንደ እሳት ነው፣ ከጎረቤት ይጫራል። ይህን እያወቅኩ የሰባት ሰው ስም ይዤ መጥቼ ነበር።

ጎረቤቷ መደብ ላይ ተጋድማለች። ፊቷ በላብ ርሷል፤ ስንጠራት ዓይኗን ትገልጣለች እንጂ በቅጡ አትመልስም። በኋላ እንደነገረችን፣ አንዱ አይበቃኝም ብላ ጎህ ሳይቀድ ሁለቱን ውጣ ነበር። ስኳር በጥብጠን ወደ አፏ ስናስጠጋ ጥርሷን ነከሰች።

«ዘጠኝ... አልሆነም» አለች።

«ኧረ ጠጪው በሞቴ!» አለች ክኒኑን የሰጠቻት ጓደኛዋ። «ንስሐውን እኔ እገባልሻለሁ፣ አንቺ ግትር!»

በጥርሷ መሐል ጠብ ጠብ እያደረግን አጠጣናት። ቆይታ ራሷን አወቀች። ክኒኑ በሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ስኳሩ ተመልሶ እንደሚወርድ ፋርማሲስቱ አስጠንቅቆኝ ነበርና በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ግሉኮስ ተተከለላት። ጓደኛዋ የበሽተኛዋን ልጆች ልትጠራ ስትሄድ ሁለታችን ቀረን፤ ክኒኑ የተሳሳተ እንደነበር ነገርኳት።

«እግዜር ይስጥሽ እህቴ፣ ባትደርሺልኝ ሞቼ ነበር» አለችኝ እጄን ይዛ። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለእሷ ግን እንዲህ ያደረገኝ ክኒኑ ነው እንዳትያት። ልገድላት ነበር ብላ ትብሰለሰላለች።»

«አውቃዋለች፤ ግን እሷ ምን አጠፋች?» አልኳት። «ሣጥኑን ከፍቼ ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ። ሳላይ ፈረምኩ።»

የያዘችውን እጄን ለቀቀች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እኔም ልጆቿ እስኪመጡ አጠገቧ ተቀመጥኩ።