ለእኔ የተተከለው ድንኳን

ቴፒ ካምፓስ ውስጥ ፍልስፍና አስተምራለሁ። ትምህርቱን ዓመት በዓመት የምጀምረው በአንድ ጥያቄ ነው፤ መንግሥት ባይኖር ሰው ምን ይሆናል? አንዱ ፈላስፋ እርስ በርሱ ይበላላል ይላል። ሌላው፣ ሰው ሲፈጠር ደግ ነው፣ የተበላሸው “ይህ የእኔ ነው” ማለት የጀመረ ቀን ነው ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ከነጻነታችን ቆርሰን ሰጥተን በምትኩ ጥበቃ አገኘን፣ ውላችን ይህ ነው ይላል። ተማሪዎቹ ይጽፋሉ፤ እኔም የጠመኔውን ብናኝ ከእጄ አራግፌ ሻይ ልጠጣ እወጣለሁ። እስከዚያ ክረምት ድረስ ጥያቄው ማንንም አስፈርቶ አያውቅም ነበር፣ እኔንም ጭምር።

በዚያ ክረምት ከተማው ውስጥ ጠብ ተነሳ። ወደ ሚዛን ከተማ የሚወስደው መንገድ ተዘጋ፣ ስልክ ጠፋ፣ አንድ ቀን ጠዋት ደግሞ ፖሊሶቹ የሉም ተባለ። የት እንደሄዱ የሚነግረን አልነበረም። ሰው ሁሉ “አንተ ከየት ነህ?” የሚባልበት ሰሞን ነው። አባቴ በወጣትነቱ ለቡና ሥራ ከሰሜን መጥቶ እዚሁ ወለደኝ። ሌላ አገር አላውቅም፤ ግን የአባቴ ስም ብቻውን ብዙ ይናገራል።

ሚስቴ ከዚሁ አገር፣ የሸኮ ልጅ ናት። እኔ እያለሁ ማን ይነካሃል ትለኛለች፤ የቆለፈችውን በር ግን ደጋግማ ትፈትሻለች። እኔም ፈርቼ ነበር። ስለ ማኅበራዊ ውል ያን ሁሉ ሰዓት ለፍልፌ፣ ውሉ ሲፈርስ ያሰብኩት ቁም ሳጥናችን ሰው ይይዝ እንደሆነ ብቻ ነው።

ረፋዱ ላይ የሰፈራችን እድር ሊቀ መንበር መጡ። በጸሎት ቤታቸው ሽማግሌ የሆኑ፣ ለቀልድ እንኳ የማይዋሹ አዛውንት ናቸው። ወጣቶች ዱላ ይዘው ከገበያው በኩል ቤት ለቤት እየፈለጉ እንደሆነ፣ የእኔም ስም እንደተጠራ ነገሩን። ሚስቴ በጓሮ፣ በቡናው ውስጥ ላሾልከው አለች። በዚያም በኩል ሰው ቆሟል አሉ። ከዚያ ግቢያችንን ግራ ቀኝ አዩና የእድሩ ድንኳን እዚህ ይተከላል አሉ።

መጀመሪያ አልገባኝም። በእኛ ሰፈር ልቅሶ ቤት ተደፍሮ አያውቅም። ፕሮቴስታንቱም ኦርቶዶክሱም፣ የተኳረፈውም ቢሆን፣ ድንኳን ካየ ኮፍያውን አውልቆ ይገባል፣ ትንሽ ይቀመጣል። ችግሩ የሞተ ሰው አለመኖሩ ነበር።

“ሞቷል ብዬ አልዋሽም” አሉኝ። “ለማን ነው ካሉኝ ግን ለመምህሩ እያለቀስን ነው እላቸዋለሁ። ዛሬ የማያለቅስልህ ጎረቤት ካለ ንገረኝ።”

ጓዳ ገብቼ ከበቆሎው ጆንያ ጀርባ ተቀመጥኩ። የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ። የድንኳኑ ብረት ሲጋጭ፣ አግዳሚው ሲደረደር፣ ሰው ሲሰበሰብ ሰማሁ። ከመጡት ውስጥ ስንቱ እውነቱን እንደሚያውቅ አላውቅም። አንዱ ከአፉ ቢያመልጠውስ? በአጥር ድንበር ተጣልተን ሰላምታ የማንለዋወጠው ጎረቤቴ ድምፅ ሲመጣ ላብ አጠመቀኝ። እሱ ግን ድንኳኑ ዘመመ፣ ገመዱን ወጥሩት እያለ ሰው ያዛል።

ከዚያ ሚስቴ አለቀሰች። ማስመሰሉ ለመጀመሪያው ቃል ያህል ብቻ ነበር። ስሜን ጠርታ “ለማን ትተኸኝ” ስትል ድምፅዋ ተሰበረ። ወጥቼ አለሁ ልላት ፈለግኩ። ሰው ለራሱ የሚለቀሰውን ልቅሶ ትንፋሹን ውጦ ሲያዳምጥ ምን እንደሚሰማው የጻፈ ፈላስፋ አላነበብኩም። ያ ልቅሶ ከዱላው ይልቅ አስፈራኝ፤ የእውነት የሞትኩ መሰለኝና ደረቴን በእጄ ዳሰስኩ።

መጡ። ከሩቅ ይሰማ የነበረው ጫጫታ በራችን ጋ ሲደርስ ባንዴ ጸጥ አለ። ለማን ነው አለ አንዱ። ሊቀ መንበሩ ባሉኝ ቃል መለሱ። አስከሬኑ የት አለ ቢሉስ? ቤቱን እንይ ቢሉስ? ጥርሴ እንዳይንቀጫቀጭ የሹራቤን እጅጌ ነከስኩ። ዱላዎቹ ከቆርቆሮው አጥር ላይ ሲደገፉ፣ ቀጥሎም አግዳሚው ሲንቋቋ ሰማሁ። ሊገድሉኝ የመጡት ልቅሶዬ ላይ ተቀመጡ።

ትንሽ ቆይቶ አንዱ ሚስቴን፣ “እግዜር ያጽናሽ እትዬ፣ ደግ ሰው ነበሩ” አላት። ሳይጨርስ ሳግ ያዘው። ድምፁን ለየሁት። ጠዋት ጠዋት ካምፓስ የሚያደርሰኝ ባጃጅ ነጂ ነው። ከእነሱ መካከል ቤቴን የሚያውቀው ማን እንደሆነም ያኔ ገባኝ።

ዱላቸውን አንስተው ሄዱ። መንገዱ ተከፍቶ ፖሊስ እስኪመለስ ድንኳኑ አልፈረሰም፤ ጎረቤት በየተራ እየመጣ ተቀመጠበት። እኔም ከጓዳ አልወጣሁም።

ካምፓሱ ሲከፈት ያንኑ ትምህርት ማስተማር ነበረብኝ። ማንም ሳይፈርመው የጸና ውል እንዳለ አሁን አውቃለሁ፤ ያዳነኝም እሱ ነው። ያ የባጃጅ ልጅ ግን ከየትኛው ፈላስፋ ገጽ ላይ እንደሚቀመጥ እስከ ዛሬ አላውቅም። እርስ በርሱ የሚበላላ ሰው ሳግ አይዘውም። ደግ ሆኖ የተፈጠረም ዱላ ይዞ ቤት አያሳይም። ክፉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ፍርሃቴ ይቀለኝ ነበር።

ወደ ሥራ በተመለስኩበት የመጀመሪያ ቀን መንገድ ዳር ቆሜ ሳለ ያው ባጃጅ መጣ። አየኝና ፊቱ አመድ መሰለ። ቆመ። አልገባም ብል ማወቄን ያውቃል ብዬ ስለፈራሁ ገባሁ። ጉድጓዱን እየሸሸ፣ እንቁላል የጫነ ይመስል በዝግታ ነዳ። እኔ የማየው ማጅራቱን ብቻ ነው። ካምፓሱ በር ላይ ሞተሩን አጠፋና ወደ ኋላ ሳይዞር፣

“መምህር፣ ያን ዕለት ከልቤ ነው ያለቀስኩት” አለኝ።

“ሰምቼሃለሁ” አልኩት።

በማግስቱ በእግሬ ሄድኩ።